መሳቢያ ቁጥር አርባ ሰባት

ከኢሺጋኪ ወደብ፣ ከዓሣ ጨረታው ጀርባ፣
ጨው የበላው ቤት አለ፣ ጣሪያው የሚያነባ።
ሥራዬ ቆጠራ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሥር
የኮራል አጥንት ይዞ፣ በጥርስ ብሩሽ ጠርጎ፣ ሽንሽኑን መቁጠር፦
ስድስት ረጃጅም፣ ስድስት አጫጭር፤
አሥራ ሁለት ከሆነ ወዲህ፣ ሃያ አራት ከሆነ ወዲያ መደርደር።

ዶክተር ቺዮኖ ሚያራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
«አንድ ዝርያ ናቸው» ትል ነበር፣ «ቡናማዎቹ ሁሉ፤
ጥልቁ ውስጥ ይሳሳል፣ ማዕበል ሲመታው ይደድራል፤
እንደ ሰው ነው፣ ኑሮው መልኩን ይቀይራል።»

ካማሱኬ ግን አልተቀበላትም።
ጠላቂ ነው፤ ዲግሪ የለውም፣ ክርክርም አይወድም፤
በሰማንያ ዓመቱ፣ ጆሮው በውሃ ግፊት ደንቁሮ፣
ኦክቶፐስ በመንጠቆ ሲያወጣ የኖረ፣ ትንፋሹን ቆጥሮ።
«ሁለት ናቸው!» አላት፣ በጨረታው መሃል ጮኾ፣
«አንደኛው ኦክቶፐስ ያሳድራል፤ ገላው የሕፃን ድድ ነው።
ሌላኛው እጅ ይቆርጣል፤ ባዶ ቤት ነው።
እኔ አጥንት አልቆጥርም፤ የማውቀው ማን የት እንደሚያድር ነው።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ አለቃ ሲስቅ ያልሳቀ ማን አለ?
ናሙናው ወደ ናሃ ሄደ። ዘረ-መሉ ተነበበ።
ሽማግሌው ልክ ነበር፤ አንዱ ለሁለት ተከፈለ።

ከዚያ በጋው መጣ።
ሠላሳ ዲግሪ። ሠላሳ ነጥብ ስድስት። ሠላሳ አንድ ወጣ።
ባሕሩ እንደ ገላ ውሃ ለብ አለ፤ ነፋስ ጠላ፤
እንደ ዘይት ተኛ፣ ያለ ደመና ጥላ።
ሌላ ጊዜ አውሎ ሲመጣ መስኮቱን በሳንቃ የሚመታው ሰው፣
ዘንድሮ ወደቡ ላይ ቆሞ አውሎ ናፈቀው፤
ጥልቁን የሚያማስል፣ ቀዝቃዛውን የሚያወጣ
አንድ ኃይለኛ ቁጣ፤
ጣሪያ ቢወስድም ይውሰድ፣ ብቻ ይምጣ!

አልመጣም።

በነሐሴ ነጡ። የነጣ ድሃ ሆኑ፤
ቀለም ያበደሯቸው፣ ምሳ ያበሰሉላቸው ደቃቅ ተከራዮች ቤቱን ለቀው በነኑ።
ከላይ ለሚያይ ያምራል፤
ቱሪስቱ ወለሏ መስታወት በሆነ ጀልባ ያልፋል፤ «እንዴት ውብ ነው!» ይላል።
እኔ ከታች፣ በሰሌዳዬ ላይ፣ በእርሳስ እጽፋለሁ፦
ነጭ፣ ነጭ፣ የሞተ፣ ነጭ፣ የሞተ፤ አንዳንዴ «አላወቅሁ»።

እጅ የሚቆርጠው ተረፈ፤ ማንም የማያድርበት።
የኦክቶፐሱ ቤት ግን በመስከረም አረንጓዴ ጸጉር በቀለበት፤
በጥቅምት ፈረሰ። በኅዳር ከመጽሔቱ ደብዳቤ፦ «ስሙ ጸድቋል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።»
በላቲን ነው፤ ካማሱኬ፣ ከኋላው ጅራት ተቀጥሎለት።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ይህ ስም ግን
ከመቃብሩ ጋር መጣ፣ በአንድ ቀን።

ሽማግሌውን ጠራነው። ጫማውን በር ላይ አወለቀ።
መሳቢያ አርባ ሰባት ተሳበ፤ ጥጥ ላይ የተኛው አጥንት በመብራት ደመቀ፤
አንገቱ ላይ ቀይ ወረቀት፦ የዝርያው ምስክር፣
ነገ የሚጠራጠር ሁሉ መጥቶ የሚያየው ድንበር።
ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤
ገልበጥ አደረገው፤ ላሰው።
«ይሄ አይደለም» አላት። «ይሄ ባዶ ቤቱ ነው።»

ቺዮኖ ሚያራ አልሳቀችም።

ሁለቱን ያጠብኋቸው እኔ ነኝ፤ በአንድ ባልዲ፣ በበረኪና፤
ማክሰኞ ነበር፤ የመጨረሻዋ ጀልባ ልታመልጠኝ ነበርና።
ምልክቱ ክር ነበር፤ ክሩ ተፈታ፤ እንደ መንታ ነጡ፤
አንዱን «እሱ ነው» ብዬ አሰርሁ፣ ከውሃው ሲወጡ።
ለማንም አልተናገርሁም።

ቀዩን ወረቀት ባለበት ብትተወው፣
ሕጉ ይፈቅድ ነበር፤ ስሙ የሚሆነው በሕይወት ላለው።
ይህን ነገርነው፣ በጆሮው ጮኸን።
ረጅም ጊዜ ዝም አለን።
«ፍቺው» አለ ቆይቶ፤ «ለሟቹ እሰሪለት፤
ሕያው ስም ባይኖረውም ሰው አያጣም የሚያድርበት።»
ሳቀ፤ ባዶ ቤት ያለውን ረስቶት ይሁን፣ ተስፋ አድርጎ፣ አልገባኝም።

«ያልታወቀ» ከሚለው ሣጥን ሥር ጉማጁን በጣቱ አገኘው፤ የአውራ ጣት ታክላለች።
ቋጠሮውን እኔ አሰርሁ፤ እጄ ትንቀጠቀጣለች።
ከዚያ ወጥቼ የምሽቱን ቴርሞሜትር አነበብሁ፦
ሃያ ስምንት ነጥብ አንድ። በኅዳር።
ጻፍሁ።